ደብዳቤ የሚደርስበት ክፍል

የወንድሜ ልጅ ሙኒክ የገባችው በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር የመጨረሻ ሳምንት ነው። ኦክቶበርፌስት የሚባለው ታላቁ የቢራ በዓል ከተማዋን ያጥለቀለቀበት ሰሞን ስለነበር ሆቴሉ ሁሉ ሞልቷል፤ ክፍት የተገኘውም ዋጋው አይቀመስም። እኔ ቤት፣ ሳሎን ውስጥ ፍራሽ አነጠፍኩላት። ሻንጣዋን እንኳ ሳትከፍት ከቦርሳዋ አንድ የታጠፈ ወረቀት አውጥታ ሰጠችኝ። ከተማሪ ማደሪያ አስተዳደር የተላከላት ኢሜይል ነው፤ አዲስ አበባ አሳትማ ይዛው መጥታለች።

«አክስትዬ፣ ተጠባባቂ ዝርዝር ላይ ነሽ ነው አይደል የሚለኝ? ስንት ቀን ይፈጃል?» አለችኝ።

ሙኒክ ውስጥ የማደሪያ ወረፋ የሚቆጠረው በሴሚስተር እንጂ በቀን አይደለም። ያን ማታ ግን አልነገርኳትም። ሽሮ ሠርቼ አበላኋት፤ ተኛች።

እኔ ነርስ ነኝ፤ በዚህች ከተማ 19 ዓመት ኖሬያለሁ። ኦክቶበር ሲቃረብ በየዓመቱ ከአገር ቤት ስልክ ይደወላል። «የእገሌ ልጅ ትምህርት አግኝቶ እየመጣ ነው፤ ማደሪያው እስኪስተካከል ጥቂት ቀን አንቺ ጋ ይሁን» ይሉኛል። በወላጆች አልፈርድም። እኛ አገር የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተመደበ ልጅ አልጋውም ምግቡም ከምደባው ጋር ይመጣለታል፤ ወጪውን ተመርቆ ሥራ ሲይዝ በወጪ መጋራት ይከፍላል። አንሶላና ብርድ ልብሱን ተሸክሞ፣ የዶርም ቁጥሩን ከተለጠፈው ዝርዝር ላይ ፈልጎ ይገባል። ጀርመን ውስጥ ግን ትምህርቱና አልጋው የተለያዩ ናቸው። ማደሪያዎቹን የሚያስተዳድረው ሽቱዲረንደንቬርክ የሚባል ከዩኒቨርሲቲው የተለየ ተቋም ነው፤ ማመልከቻውም ለብቻው ነው። ስለዚህ የቅበላ ደብዳቤው በደረሰ ዕለት፣ ቪዛው ገና ሳይመታ፣ ለማደሪያ ማመልከት ይገባል። የወንድሜ ልጅ «ቪዛው ቢከለከልስ» ብላ ሁለት ወር ጠበቀች። እኔም «ለዶርም አመልክተሻል ወይ?» ብዬ አልጠየቅኋትም። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በመጣች በሦስተኛው ቀን አየሩ ደህና ስለነበር ኦሎምፒክ መንደር ወሰድኳት። እ.ኤ.አ. በ1972 ማሞ ወልዴ በማራቶን፣ ምሩፅ ይፍጠር በ10,000 ሜትር ነሐስ ያመጡልን በዚህች ከተማ ነው። ያኔ ሴት አትሌቶች ያረፉበት ሠፈር ዛሬ የተማሪዎች ነው። ከ1,000 በላይ ትንንሽ ቤቶች ተደርድረዋል፤ የቀድሞዎቹ ፈርሰው እንደገና የተሠሩ ናቸው፤ ታች ማብሰያ፣ ላይ መኝታ። የቤቱን ፊት ነዋሪው ተማሪ በፈለገው ቀለም ይቀባዋል። አንዱ በር ላይ ቀጭኔ ተስሏል፤ እሷ እዚያ ቆማ ፎቶ ተነሣች። ስትመለስ በባቡሩ መስኮት ወደ ውጭ እያየች ዝም አለች። ይቺ ልጅ አገሯ ያላትን አልጋ ትታ እዚህ የሰው ቀጭኔ አጠገብ ፎቶ ተነሥታ ልትመለስ ነው ብዬ ሆዴ ባባ።

ገንዘቡን እንመልከት። ለተማሪ ቪዛ ጀርመን በዝግ ሒሳብ እንዲቀመጥ የምትጠይቀው ገንዘብ፣ ብሎክድ አካውንት የሚሉት፣ ይህን በምጽፍበት ጊዜ በዓመት 11,904 ዩሮ ነው፤ በወር 992 ዩሮ ይለቀቃል። ሙኒክ ውስጥ ከሌሎች ተማሪዎች ጋር በጋራ የሚኖሩበት ቤት፣ ቬጌ የሚሉት፣ አንዱ ክፍል ብዙ ጊዜ ከ700 ዩሮ ይበልጣል። የጤና መድኅኑ ሲነሣለት ለምግብና ለመጓጓዣ የሚተርፈውን ማስላት አያዳግትም። የሽቱዲረንደንቬርክ ክፍል ኪራይ የዚያ ግማሽ ገደማ ነው፤ ወረፋው የረዘመው ለዚህ ነው። ማስታወቂያ ሲነበብ ደግሞ ሁለት ዓይነት ኪራይ አለ፤ «ቀዝቃዛ» እና «ሞቃት» ይሏቸዋል። ቀዝቃዛው የክፍሉ ብቻ ነው፤ ሞቃቱ ማሞቂያውን፣ ውኃውን፣ ቆሻሻ ማንሻውን ይጨምራል። በቀዝቃዛው ዋጋ ተደስቶ የተዋዋለ ልጅ ክረምት ሲገባ ያለቅሳል። መያዣ ገንዘቡ በሕግ ከሦስት ወር ቀዝቃዛ ኪራይ መብለጥ አይችልም፤ ተከራዩም በሦስት ወር ከፋፍሎ የመክፈል መብት አለው። ደላላ ቢኖር እንኳ ከ2015 ወዲህ የሚከፍለው ደላላውን ያዘዘው ነው፤ ብዙ ጊዜ አከራዩ ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ልጆቹ እንዲያውቁልኝ የምፈልገው አንድ ነገር አለ፤ እሱም አንሜልዱንግ ይባላል። ጀርመን ውስጥ ቤት የገባ ሰው በሁለት ሳምንት ውስጥ አድራሻውን ማዘጋጃ ቤት ማስመዝገብ አለበት። ለዚያም አከራዩ «ይህ ሰው እኔ ቤት ገብቷል» ብሎ የፈረመበት ወረቀት ይጠየቃል። ያ ወረቀት ከሌለ ምዝገባ የለም፤ ያለ ምዝገባ ደግሞ የመኖሪያ ፈቃዱ ይጓተታል፤ የግብር ቁጥሩ አይመጣም፤ ባንኩም ብዙ ጊዜ ይጠይቃል። ስለዚህ ክፍል ሲፈለግ ስለ መስኮቱና ስለ ኪራዩ ከመጠየቅ በፊት «መመዝገብ እችላለሁ ወይ?» ይባል። «አይቻልም፤ ዝም ብለሽ ኑሪ» የሚል አከራይ ርካሽ ቢሆንም ይለፍ። ያለ ምዝገባ ስድስት ወር የቆየ ልጅ አውቃለሁ፤ የመኖሪያ ፈቃዱ ቀጠሮ እስኪደርስ እንቅልፍ አልነበረውም።

እኔም በቤቴ ላስመዘግባት ፈለግሁ። ባለቤቴና ሁለት ልጆቼ ባሉበት ሁለት መኝታ ቤት ውስጥ አምስተኛ ሰው ለመጨመር ቤቱን ያከራየኝን ድርጅት ጠየቅሁ፤ «እንግዳ ለጥቂት ሳምንት መቆየት ይችላል፤ ነዋሪ ግን አይሆንም» አሉኝ። ከወገኖቻችን መካከል በማይኖሩበት አድራሻ የሚያስመዘግቡ አሉ፤ ለደግነትም ለገንዘብም። የሐሰት አድራሻ የሚሰጥ ሰው እስከ 50,000 ዩሮ ሊቀጣ ይችላል። ዘመድን ለመርዳት ተብሎ የሚገባበት አይደለም።

በሁለተኛው ሳምንት አንድ ማታ ከሥራ ስመለስ ልጅቷ ፊቷ በርቶ ጠበቀችኝ። ክፍል አግኝታለች! መሐል ከተማ፣ 380 ዩሮ፣ ሞቃት። ፎቶዎቹን አሳየችኝ፤ ነጭ ግድግዳ፣ የእንጨት ወለል፣ መስኮቱ ላይ አበባ። አከራዩ «ለሥራ ለንደን ነኝ፤ መያዣውንና የመጀመሪያውን ወር ላኪልኝ፤ ቁልፉን በፖስታ እልክልሻለሁ» ብሎ ጽፎላታል። የፓስፖርቱን ፎቶ እንኳ አያይዟል። ስልኩን ከእጇ ቀስ ብዬ ተቀበልኳት። ይህን ደብዳቤ በተለያዩ ልጆች ስልክ ላይ አራት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ከተማው ይለያያል እንጂ ቃሉ ያው ነው። ገንዘቡ ከተላከ በኋላ ለንደን ያለው ሰውዬ አይመልስም፤ ፓስፖርቱም ከሌላ የተታለለ ሰው የወሰደው ነው። ሳያዩ፣ ሳይዋዋሉ፣ ቁልፍ ሳይቀበሉ አንድ ሳንቲም አይላክ። ልጅቷ ፍራሿ ላይ ተቀምጣ «ግን በጣም ጥሩ ሰው ይመስላል እኮ» አለችኝ። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ የሚያታልሏት ሰዎች በደግ ቃል እንደሚጽፉ ከየት ታውቃለች?

ከዚያ በኋላ ቬጌዎቹን ዞረች። አንድ ክፍል ለማየት ሃያ ሰው ይመጣል፤ ነዋሪዎቹ ሻይ እያጠጡ ማን እንደሚስማማቸው ይመርጣሉ። እኛ አድርጉ የተባልነውን አድርገን፣ ስለ ራሳችን ብዙ ሳንናገር ነው ያደግነው። እሷም አንገቷን ደፍታ ተቀምጣ ትመለሳለች። በአራተኛው ላይ ስለ አብሲት አጣጣል ነገረቻቸውና ሳቁላት፤ ወደዷት፤ ግን ሌላ ሰው መረጡ።

በመጨረሻ ያገኘነው መንገድ በብዛት የማይታወቅ ነው። ሙኒክን ጨምሮ በብዙ የጀርመን ከተሞች «ቮነን ፊውር ሂልፈ» የሚባል አሠራር አለ፤ በእርዳታ ምትክ መኖር ማለት ነው። ብቻውን የቀረ አዛውንት ትርፍ ክፍል ካለው ለተማሪ ይሰጣል፤ ተማሪው ኪራይ አይከፍልም፤ ለአንድ ካሬ ሜትር በወር አንድ ሰዓት ያግዛል። ማገዝ ሲባል መግዛት፣ ማብሰል፣ ግቢ መጥረግ፣ አብሮ መቀመጥ ነው፤ የሕመምተኛ እንክብካቤ አይጨምርም። እኔ ነርስ በመሆኔ ይህ ድንበር መኖሩን ወደድኩት። ለመብራትና ለውኃ የድርሻን መክፈል ግን አለ። የካቶሊክና የፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት የሚያስተዳድሯቸው ማደሪያዎችም አሉ፤ እዚያም ተመዝግባ ነበር።

የደረሷት እማማ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ፍራይማን ይኖራሉ። ከዚያ ወደ ጋርሺንግ፣ ወደ ካምፓሷ፣ ባቡሩ አንድ ነው። ክፍሉ 14 ካሬ ሜትር፤ ስለዚህ በወር 14 ሰዓት። መጀመሪያ ሄደን ስናያቸው ሴትዮዋ ኬክ አቅርበው፣ ጆሯቸውን ወደ እሷ አዘንብለው፣ «ደረጃው ላይ ያለውን በረዶ መጥረግ ትችያለሽ?» ብለው ጠየቋት። በረዶ አይታ አታውቅም። «እማራለሁ» አለቻቸው፤ ያችን ቃል በጀርመንኛ አስተካክላ ስትናገር ስሰማት ኮራሁ። ለምዝገባው የሚጠየቀውን የአከራይ ወረቀት በመነጽራቸው ሁለት ጊዜ አንብበው ፈረሙላት።

በገባች በማግስቱ ለመመዝገብ አብረን ሄድን። ከዚያ ወደ ቤቱ ተመለስንና እማማ ከመሳቢያ ትንሽ ነጭ ማጣበቂያ ወረቀትና እስክሪብቶ አመጡ። እዚህ አገር የቤት ቁጥር ብቻ አይበቃም፤ ፖስተኛው የሚያየው በሣጥኑ ላይ ያለውን ስም ነው፤ ስሙ ከሌለ ደብዳቤው ይመለሳል። የባንክ ካርዱ በአንድ ፖስታ፣ የሚስጥር ቁጥሩ በሌላ፣ የጤና መድኅኑ፣ የግብር ቁጥሩ፣ ሁሉም በዚያች ቀዳዳ ነው የሚገባው። ፈረንጆቹ የሚጠሩት በፓስፖርቱ ላይ በመጨረሻ ባለው ስም ነው፤ የሷ ደግሞ የአያቷ ነው። ማለትም የአባቴ። በጉልህ ፊደል ጽፋ፣ በአውራ ጣቷ ጠርዞቹን አንድ በአንድ ጫነቻቸው። እማማ የራሳቸውን ስም ከላይ፣ የአባቴን ስም ከታች አነበቡና፣ እንዴት እንደሚጠራ እንድታስተምራቸው ለመኗት።