ቻትቦቱ ሳይገባው «ገባኝ» ሲል

የዛሬው ጨዋታችን በተለይ የትምህርት ቤቱን ኮምፒውተር ክፍል የሙጥኝ ላላችሁ ልጆች ነው። ሌሎቻችሁም ግን አትሂዱ፤ ጉዳዩ ሁላችንንም ይነካል።

እስቲ በወልቂጤ ወይም በቡታጅራ ያለ የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ት/ቤት የጤና ክበብ ቻትቦት ሊሠራ ተነሣ እንበል። ቻትቦት ማለት ተማሪው በስልኩ ጥያቄ ሲጽፍለት መልስ የሚመልስ ፕሮግራም ነው። ክበቦቻችን ለዚሁ ሥራ የጥያቄ ሳጥን ይጠቀማሉ፤ ስም ሳይጻፍ ቁራጭ ወረቀት ይገባና መልሱ በሚኒ ሚዲያ ይነገራል። በ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ደግሞ በ952 በነጻ የሚደወልበት «ወገን» የተባለ የምክር መስመር ነበር። እዚያ ስልክ የምታነሳው አማካሪ ሰው ናትና፣ ነገሩ ካልገባት «ቆይ እስቲ፣ ይህ የሆነው መቼ ነው?» ብላ ትጠይቃለች። ቻትቦት ግን ካላስተማራችሁት በቀር ቆይ አይልም፤ የመሰለውን ይመልሳል።

ለመሆኑ እንዴት ነው የሚገባው? ሠሪዎቹ ጥያቄዎችን በሐሳባቸው ይመድባሉ። እያንዳንዱ ምድብ ኢንተንት ይባላል፤ የጠያቂው ፍላጎት እንደማለት ነው። በየኢንተንቱ ሥር ሰዎች ሊጽፏቸው የሚችሉ ዓረፍተ ነገሮች በምሳሌነት ይደረደራሉ። ፕሮግራሙ ከእነዚያ ይማርና አዲስ ጥያቄ ሲመጣ «ይሄ የዚህኛው ነው» ብሎ ይገምታል። ራሳ የተባለውን በነጻ የሚገኝ መሥሪያ ብትጠቀሙ፣ ስታሠለጥኑትና ፋይሎቻችሁን ስታስፈትሹት ማስጠንቀቂያዎች ይደረድርላችኋል። ብዙ ልጆች እነዚህን ሳያነቡ ያልፏቸዋል። «ሠርቷል አይደል? ምን አገባኝ» ነው ነገሩ።

አንደኛው ማስጠንቀቂያ «ይህ ኢንተንት አንድ ምሳሌ ብቻ ነው ያለው፣ ቢያንስ ሁለት ያስፈልጋል» የሚለው ነው። እዚህ ላይ የተለመደ ማጭበርበር አለ፤ ያንኑ ዓረፍተ ነገር አንድ ቃል ለውጦ መድገም። ማስጠንቀቂያው ዝም ይላል፣ ቻትቦቱ ግን ምንም አልተማረም።

ሌላው የሚያስቸግረው «ይህ ኢንተንት በዝርዝሩ ውስጥ አለ፣ ምሳሌ ግን የለውም» የሚለው ነው። እናንተ ሃያ ምሳሌ ጽፋችሁለታል! ታዲያ የት ገባ? ብዙ ጊዜ ችግሩ ፊደል ነው። አንዱ የክበብ አባል በዝርዝሩ ፋይል «ስለ_መድኃኒት» ይላል፣ ሌላዋ በምሳሌዎቹ ፋይል «ስለ_መድሀኒት» ትላለች። ለእኛ አንድ ነው፤ ስናነበውም አንድ ነው። ለኮምፒውተር ግን «ኃ» እና «ሀ» እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቁጥር ያላቸው ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንዲሁ። መፍትሔው ከማሠልጠን በፊት ሞክሼ ፊደላትን ሁሉ ወደ አንድ የሚለውጥ አጭር ኮድ መጻፍ ነው። ተማሪው ከስልኩ የሚልከው ጥያቄም በዚያው ወንፊት ማለፍ አለበት፤ አለዚያ ትርፉ ድካም ነው።

አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ። «ይህ ምሳሌ በሁለት ኢንተንቶች ሥር ተገኝቷል» የሚል ማስጠንቀቂያ አለ። ክበቡ «ስለ_ኮንዶም» የሚል ምድብ አለው፣ «አስቸኳይ» የሚል ሌላ ምድብም አለው እንበል። «ኮንዶም ተቀደደ ምን ላድርግ» የሚለው በሁለቱም ሥር ተጽፏል። አንዱ አባል ኮንዶም የሚለውን ቃል አየ፣ ሌላዋ የጠያቂውን ጭንቀት አየች። እንዲህ ያለውን ጥያቄ ቻትቦቱ ወደ መጀመሪያው ቢወስደውስ? ስለ አያያዝና ስለ ማብቂያ ቀን ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይሰጥና ይሰናበታል። ልጁ ወይም ልጅቷ መስማት የነበረባቸው ግን ሌላ ነበር፤ ለኤች አይ ቪ መጋለጥ ካጋጠመ የመከላከያ መድኃኒቱ በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ቢቻል ወዲያውኑ መጀመር እንዳለበት፣ የሚወሰደውም ለ28 ቀናት እንደሆነ። ሦስት ቀን ካለፈ በኋላ የመጣ ትክክለኛ መልስ ምን ያደርጋል? ስለዚህ ምሳሌው ከ«ስለ_ኮንዶም» ወጥቶ «አስቸኳይ» ሥር ብቻ ይቀመጥ። የሚመደበው በውስጡ ባለው ቃል ሳይሆን ጠያቂው በሚያስፈልገው መልስ ነው። ሁለት ኢንተንቶች መልሳቸው አንድ ከሆነ ደግሞ አዋህዷቸውና ተገላገሉ።

ማስጠንቀቂያ ሁሉ ከጠፋ በኋላም ገና ነው። አማርኛችን ብዙ ነገር በአንድ ቃል ይቋጥራል። «ተመረመርኩ»፣ «ልመርመር»፣ «አልተመረመርኩም» ለእኛ ዘመዳሞች ናቸው፤ ቃላትን በባዶ ቦታ ብቻ ለሚለይ ፕሮግራም ግን ባዳዎች ናቸው። ለዚህ ቃሉን በሁለት፣ በሦስት፣ በአራት ፊደል እየቆራረጠ የሚያይ አሠራር ራሳ ውስጥ አለ፤ አትርሱት። «ተመረመርኩ» እና «አልተመረመርኩም» በዚህ መንገድ መመሳሰላቸው ይታያል። ግን ደግሞ ከልክ በላይ መመሳሰላቸው ራሱ ችግር ነው፤ መልሳቸው ለየቅል ነዋ! በሁለቱም ወገን በቂ ምሳሌ ስጡት።

ምሳሌ ከየት ይምጣ? ኩባንያው አማዞን በ2022 (እ.ኤ.አ.) አማርኛን ጨምሮ በ51 ቋንቋዎች የተዘጋጀ፣ 60 ኢንተንቶች ያሉት ማሢቭ የተባለ ስብስብ ለሕዝብ አውጥቷል። ጥሩ መለማመጃ ነው። ያለው ግን ስለ ማንቂያ ደወል፣ ስለ ሙዚቃና ስለ አየር ጠባይ የሚጠየቅ ነው እንጂ የእናንተ ጓደኞች ጥያቄ አይደለም። የክበብ አባላት ጠረጴዛ ከብበው ሲጽፉም «የኤች አይ ቪ መተላለፊያ መንገዶች ምን ምን ናቸው?» ይላሉ፤ የፈተና ጥያቄ ይመስል። እውነተኛው ጠያቂ «ለጓደኛዬ ነው የምጠይቀው፣ እኔ አይደለሁም፣ ግን...» ብሎ ነው የሚጀምረው። ጉራጊኛ ጣል ያደርጋል፣ የወልቂጤውና የቡታጅራው አነጋገርም አንድ አይደለም፤ አማርኛውን በላቲን ፊደል የሚጽፈውም ብዙ ነው። ምርጡ ምንጭ ያ የጥያቄ ሳጥን ነው። ሰፈርን፣ ክፍልን፣ ሰውን የሚጠቁም ነገር ካለበት ግን አውጡት። ከመናኸሪያ እስከ ገበያ ሰው ሁሉ በሚተዋወቅበት ከተማ ስም አለመጻፉ ብቻውን ሰውን አይሸሽግም።

ከሰበሰባችሁት ጥቂቱን ሳታሳዩት አስቀምጡና በመጨረሻ ፈትኑበት፤ የቱን ከየቱ ጋር እንደሚያምታታ ያኔ ይታያችኋል። ሁለት ግምቶቹ ከተቀራረቡ፣ ለምሳሌ አንዱ 0.48 ሌላው 0.44 ከሆነ፣ ራሳ ላይ ገደቡን 0.1 ብታደርጉት በመካከላቸው ያለው ልዩነት ከዚያ ስለሚያንስ አይመልስም፤ «አልገባኝም» ወደሚለው መልስ ይሄዳል። ያንን መልስ ደረቅ አታድርጉት። «ጥያቄህ አልገባኝም» ብሎ ዝም ከሚል፣ «በትክክል አልገባኝም። የገጠመህ ነገር ከሦስት ቀን ወዲህ ከሆነ ግን እኔን አትጠብቅ፣ አሁኑኑ ጤና ጣቢያ ሂድ» ይበል። ለሴቷም እንዲሆን በእናንተ አድርጋችሁ ብትጽፉት ደግሞ የተሻለ ነው።