አንድ ጀልባ፣ ሁለት መቅዘፊያ

በሰሜን አሜሪካ ቀዛፊዎች ለሁለት ሰው የተሠራውን ካያክ በቀልድ «የፍቺ ጀልባ» ይሉታል። ባልና ሚስት ተቃቅፈው ይሳፈሩና ተኮራርፈው ይወርዳሉ እንደ ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጠቡን የሚያስነሳው የፍቅር ማነስ ሳይሆን ለቀዛፊው የማይመጥን መቅዘፊያና ያልተግባቡበት አቀዛዘፍ ነው።

የካያክ መቅዘፊያ ሁለቱም ጫፉ ጠፍጣፋ ነው፤ የካኑ መቅዘፊያ ግን ጠፍጣፋው በአንድ ጫፉ ብቻ ነው። ታዲያ በካኑ መቅዘፊያ ካያክ መቅዘፍ ይቻላልን? አዎን። በአላስካ የዩፒክ ሕዝብ አዳኞች ካያካቸውን በዚሁ ዓይነት መቅዘፊያ ይነዱ ነበር። ነገር ግን ብቻውን ያለ ሰው በቀኝ ብቻ ሲቀዝፍ ጀልባው ወደ ግራ ያዘነብላል፤ ስለዚህ በየጊዜው ጎን መለወጥ ይኖርበታል። ሁለት ሲሆኑ ግን አንዱ በቀኝ፣ ሌላው በግራ ይዞ ጀልባውን ያቀኑታል። ልዩነታቸው እንቅፋት መሆኑ ቀርቶ መፍትሔ ሆነ ማለት ነው።

መጠኑስ? የካኑን መቅዘፊያ ለመለካት ወንበር ላይ ቀጥ ብለው ይቀመጡ። መቅዘፊያውን ገልብጠው እጀታውን በእግሮችዎ መካከል ወንበሩ ላይ ያሳርፉ። ዘንጉ ከጠፍጣፋው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ከአገጭዎ እስከ አፍንጫዎ ባለው ከፍታ ላይ ከዋለ ይስማማዎታል። ባለሁለት ጠፍጣፋው ደግሞ በቁመትና በጀልባው ስፋት ይመረጣል፤ ለጠባብ ካያክ 220 ሴንቲ ሜትር አካባቢ፣ ሰፋ ላለው የሁለት ሰው ካያክ ከ230 እስከ 250 ሴንቲ ሜትር የተለመደ ነው። ለባል የሚስማማው ሚስትን ትከሻዋን ሊያደክማት ይችላል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ በራሱ ልክ ይያዝ። የሕይወት አድን ጃኬትም ለሁለቱም የግድ ነው።

ብዙውን ጊዜ ልምድና ጉልበት ያለው ከኋላ ይቀመጣል። የፊተኛው የኋለኛውን አያይም፤ የኋለኛው ግን የፊተኛውን ያያል። ስለዚህ ብርቱው የፊተኛውን ምት ተከትሎ ይቀዝፋል፣ አቅጣጫውንም ይጠብቃል። በጉልበቱ ተማምኖ ቢጣደፍ መቅዘፊያዎቹ ይጋጫሉ።

1ኛ ጴጥሮስ 3፥7 ባሎች ከሚስቶቻቸው ጋር በማስተዋል እንዲኖሩ ይመክራል። ማስተዋል የሌላውን አቅምና ምት ማየት ነው። ውድ ባለትዳሮች፣ በቤታችሁስ የልጆች አስተዳደግ፣ የገንዘብ አያያዝና የአገልግሎት ሸክም በየአቅማችሁ ተለክቷልን? ዛሬ ማታ አብራችሁ ተነጋገሩበት፤ ጸልዩበትም።