የፊልምና የቴሌቪዥን ድርሰት እንደ ሙያ፦ የቋንቋ መምህሩ ድርሻ

በድርሰት ክፍለ ጊዜ ተሰጥኦ የሚያሳይ ተማሪ ስለ ወደፊት ሥራው ሲጠየቅ፣ ለፊልምና ለቴሌቪዥን መጻፍ ራሱን የቻለ ሙያ መሆኑን ላያውቅ ይችላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የሙያውን ጠባይና ደረጃዎች በአጭሩ አስረድቶ፣ የክፍል ውስጥ ትምህርት ሊያበረክት የሚችለውን ማመልከት ነው።

፩. የሙያው ጠባይ

ልብ ወለድ በራሱ የተሟላ ሥራ ነው። የፊልም ጽሑፍ ግን ዳይሬክተሩ፣ ተዋናዩ፣ የካሜራና የድምፅ ባለሙያው የሚሠሩበት ንድፍ ነው። ስለሆነም በጽሑፉ የሚሰፍረው የሚታየውና የሚሰማው ብቻ ነው። የልብ ወለድ ደራሲ «አባት ልጃቸውን ናፈቁ» ብሎ ሊያልፍ ይችላል፤ የፊልም ጸሐፊ ግን ናፍቆቱን በድርጊት መግለጽ አለበት። ለምሳሌ ራት ሲቀርብ አባት የልጃቸውን በርጩማ ከመሶቡ አጠገብ ያኖራሉ፤ እንግዳ ሊቀመጥበት ሲል በእጃቸው ይከለክላሉ። አንድ ቃል ሳይነገር ተመልካቹ ነገሩን ይረዳል።

፪. የሥራው ደረጃዎች

በመጀመሪያ የታሪኩ ፍሬ ሐሳብ በአንድ ወይም በሁለት ዓረፍተ ነገር ይገለጻል። ቀጥሎ የታሪኩ አጽመ ነገር፣ ከዚያም የትዕይንቶቹ ቅደም ተከተል ይዘጋጃል። ቃለ ምልልስ የሚጻፈው ይህ ሁሉ ከተጠናቀቀ በኋላ ነው። በተለመደው አጻጻፍ አንድ ገጽ በአማካይ የአንድ ደቂቃ ፊልም ስለሚሆን፣ የሁለት ሰዓት ፊልም 120 ገጽ ገደማ ይፈልጋል።

ከጸሐፊው ጎን ታሪክ የሚያዳብሩ ባለሙያዎች ይሠራሉ። እነርሱም ረቂቁን አንብበው ጉድለቱን በጽሑፍ ያመለክታሉ፤ ጸሐፊውም ደጋግሞ ያሻሽላል። በተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ጸሐፊዎች በቡድን ሆነው የታሪኩን አካሄድ ይወስናሉ። ክፍያው በውል ስለሚፈጸምና ሥራው በየጊዜው ስለማይገኝ፣ ብዙዎች ሙያውን ከማስተማር ወይም ከጋዜጠኝነት ጋር አጣምረው ይይዙታል።

፫. አንድ አብነት

በጎንደር የተወለደው ኃይሌ ገሪማ በአሜሪካ በመጀመሪያ ትወናን፣ በኋላም የፊልም ሥራን ተምሯል፤ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲም ለረጅም ዘመን አስተምሯል። በውጭ አገር ተምሮ ወደ አገሩ የተመለሰውን የአንበርብርን ታሪክ የሚተርከው «ጤዛ» የተባለው ፊልሙ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ከዳኞች ልዩ ሽልማት ሌላ ለምርጥ የፊልም ጽሑፍ የሚሰጠውን ሽልማት አግኝቷል። ከዚህ እንደምንረዳው ከአገር ታሪክና ኑሮ የተቀዳ ድርሰት በዓለም መድረክ ሊመዘን ይችላል።

፬. የመምህሩ ድርሻ

የተማሪ ድርሰት አንድ ጊዜ ብቻ ተጽፎ፣ ታርሞና ነጥብ ተሰጥቶት የሚመለስ ከሆነ፣ ተማሪው እርማትን እንደ ፍርድ መመልከት ይለምዳል። በዚህ ሙያ ግን እርማት የሥራው ግማሽ ነው፤ ይህን ያልለመደ ወጣት ተሰጥኦ እያለው በመጀመሪያው ረቂቅ ተስፋ ሊቆርጥ ይችላል። ስለዚህ መምህሩ አንዱን ድርሰት ቢያንስ ሦስት ጊዜ ማስጻፍ፣ ተማሪዎችም አንዱ የሌላውን ሥራ አንብበው አስተያየት እንዲሰጡ ማድረግ ይገባዋል። የታወቀ ተረት መርጦ «አዘነ»፣ «ፈራ»፣ «ተደሰተ» የሚሉትን ቃላት ሳይጠቀሙ በድርጊት ብቻ እንዲጽፉት ማዘዝም ጠቃሚ መልመጃ ነው። ለዚህ ካሜራ አያስፈልግም፤ ወረቀት፣ እርሳስና የመምህሩ ትዕግሥት ይበቃሉ።