ላርስ ሴት የሚፈራው ለምንድን ነው?

እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣው «ላርስ ኤንድ ዘ ሪል ገርል» ፊልም ራያን ጎስሊንግ የሚጫወተው ላርስ፣ ሥራ ያለው፣ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለም፣ ጨዋ ወጣት ነው። ሴት ስትቀርበው ግን መግቢያ ይጠፋዋል። የወንድሙ ሚስት ካሪን ቁርስ ልትጠራው ስትመጣ ከመስታወት በር ጀርባ ቆሞ ያነጋግራታል፤ የሥራ ባልደረባው ማርጎ ወሬ ስትጀምርለት መሸሻ ይፈልጋል።

ዓይናፋር ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚፈራው መናቅን፣ መሳቂያ መሆንን ነው። የላርስ ፍርሃት ሌላ ነው። እናቱ የሞተችው እሱን ስትወልድ ነው። አባቱን ሐዘን ሰብሮታል፤ ታላቅ ወንድሙ ገስም በጊዜ ከቤት ወጥቷል። ስለዚህ በላርስ ውስጥ ሴት፣ ወሊድና ሞት አንድ ላይ ተቋጥረዋል። ካሪን ነፍሰ ጡር መሆኗ ሌላውን ሲያስደስት እሱን የሚያሸብረውም ለዚህ ነው። ከእቅፏ የሚሸሸው ስለጠላት አይደለም፤ እንደ እናቱ እንዳያጣት ነው።

ፍርሃቱ አካሉም ላይ ይታያል። ልብስ በልብስ ይደራርባል፤ ሰው ሲነካው ያቃጥለዋል። ስሜቱን ለሐኪሟ ለዳግማር ሲያስረዳ፣ በብርድ የደነዘዘ እግር ቤት ሲገባ ከሚሰማው ሕመም ጋር ያመሳስለዋል።

በኢንተርኔት ያዘዛት ቢያንካ የምትባል አሻንጉሊት የምትመቸው እዚህ ላይ ነው፤ አታረግዝም፣ አትነካውም፣ ጥላው አትሄድም። ላርስ ግን በሕይወት ያለች ሴት ናት ብሎ ያምናል፤ ይህ በሥነ አእምሮ ሕክምና ዴሉዥን የሚባለው፣ በማስረጃ የማይናወጥ የሐሰት እምነት ነው። ዳግማር አትከራከረውም። ቢያንካ የደም ግፊቷ ዝቅ ብሏል፣ በየሳምንቱ ትምጣ ትላለች። አሻንጉሊቷ «ስትታከም» ዳግማር ላርስን ታዋራዋለች፤ ቆዳውንም በጥቂት በጥቂቱ በመንካት ከፍርሃቱ ጋር ታለማምደዋለች።

ቢያንካ በጠና እንድትታመምና እንድትሞት የሚወስነው ራሱ ላርስ ነው። ሕፃን ሳለ ለእናቱ ማልቀስ አልቻለም፤ አሁን ዘግይቶም ቢሆን የሚያለቅስላት ይመስላል። የሚወዳት ትሞታለች፤ እሱ ግን ይተርፋል።

ፊልሙ የሚታማው ፈውሱን ስላቀለለ ነው። እንዲህ ሥር የሰደደ የተዛባ እምነት በጥቂት ወራት፣ ያውም ያለ መድኃኒት፣ ይለቃል ብሎ ተስፋ የሚሰጥ ሐኪም አይገኝም። አንድም ሰው ሳያፌዝበት አሻንጉሊት የሚያስታምምና የሚቀብር ከተማ ማግኘት ደግሞ ከዚያም ይከብዳል።