ያውቁ ኖሯል? እርሾ፣ አቼቶና ሰንጋ

ሐረር፣ በሸዋ በር በኩል በግንብ ወደታጠረው ጁገል ገብተው ምሳዎን እንጀራ በልተዋል? እንግዲያው ባክቴሪያ ያመረተውን አሲድ ጠቅልለው ጎርሰዋል! ሊጡን ኮምጠጥ የሚያደርገው ላክቲክ አሲድ ነው። ከሊጡ አናት ላይ የሚጠራቀመው ብጫ ውሃ፣ እርሾው፣ ከአንዱ ቡኮ ወደ ሌላው ስለሚተላለፍ የባክቴሪያዎቹ ዘር አይቋረጥም!

አንዳንድ ባክቴሪያዎች ከ180 ግራም ግሉኮስ በስሌት 180 ግራም ላክቲክ አሲድ ያወጣሉ። ቅንጣት አይባክንም!

ከዚሁ አሲድ ፕላስቲክ ይሠራል፤ የቀዶ ጥገና መስፊያ ክርም! ክሩ ሰውነት ውስጥ ቀስ በቀስ ሟሙቶ ይጠፋል። ጎትቶ የሚያወጣው ሐኪም አያሻም!

ያለማቋረጥ በሚሠራ የፋብሪካ ማብላያ፣ ስኳሩ በአንድ ቧንቧ ይገባል፣ አሲዱ በሌላው ይወጣል። ባክቴሪያዎቹ መሃል ላይ ይራባሉ! ፍሰቱ ከመራቢያ ፍጥነታቸው ከበለጠ ግን ጉድ ይፈላል፤ ሁሉም ታጥበው ይወጣሉ!

ይህን ዘዴ በ1950 እ.ኤ.አ. ካስተዋወቁት አንዱ ሊዮ ዚላርድ ነው። አዎ፣ የኑክሌር ሰንሰለታዊ ምላሽን ያሰበው የፊዚክስ ሊቅ!

አቼቶስ? 46 ኪሎ ንጹሕ አልኮል በስሌት 60 ኪሎ አሴቲክ አሲድ ይሆናል! ትርፉ ከየት መጣ? ከአየር! ባክቴሪያዎቹ ኦክስጅን እየሳቡ ይጨምሩበታል። በዘመናዊው ማብላያ ውስጥ አየሩ ለጥቂት ጊዜ እንኳ ቢቋረጥባቸው ታዲያ ያልቃሉ!

አሁን ወደ ሰንጋው እንምጣ። በነገራችን ላይ፣ ከጁገል አምስት ጥንታዊ በሮች አንዱ ሰንጋ በር ይባላል! የሰንጋ ትልቁ ጨጓራ ራሱ ሌት ተቀን የማያርፍ የአሲድ ፋብሪካ ነው። ሙቀቱ 39 ዲግሪ ገደማ፤ ሣር ይገባል፣ ባክቴሪያ ያብላላዋል! ከሚወጡት አንዱ የአቼቶው አሲድ ነው። ሌላው ዳቦ እንዳይሻግት የሚጨመረው ፕሮፒዮኒክ አሲድ። ሦስተኛው ደግሞ የቆየ ቅቤ እንዲሸት የሚያደርገው!

ሰንጋው ከጉልበቱ አብዛኛውን የሚያገኘው ከሣሩ ሳይሆን ከነዚህ አሲዶች ነው! ባክቴሪያ ያብላላለታል፣ እሱ ይሰባል!

ይህ ሁሉ አሲድ ጨጓራውን እንዴት አላቃጠለውም? በምራቅ! አንዲት ትልቅ ላም በቀን ከ100 ሊትር በላይ ምራቅ ልታመነጭ ትችላለች። ምራቁ ባይካርቦኔት አለው፤ እያመሰኳች አሲዱን ታበርደዋለች!

ይህን ደግሞ ይስሙ! ከከብት ጨጓራ የተገኘ አክቲኖባሲለስ ሰክሲኖጅንስ የተባለ ባክቴሪያ ሰክሲኒክ አሲድ ያመርታል። ሲያመርት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስወጣል ብለው ጠበቁ? ይበላዋል እንጂ!