ደሴቱን አይተን ወፎቹን ያላየንበት ቀን

በዚህ ገጽ ስለ ቤት አያያዝና ስለ ልጆች አስተዳደግ ልናወጋችሁ የተለመደ ነው። ዛሬ የምንነግራችሁ ግን ከቤተ ሰባችን ጋር ወጥተን ስለ ዋልንበት ስለ አንድ ቀን ነው። ቀኑ እንዳሰብነው አልሆነልንም፤ ሆኖም ከብዙ ደስ ያሰኙን ቀኖች ይልቅ አስተምሮናል።

ባለፈው ጥር ወር የወንድማችን ልጅ ከአሶሳ ዞን፥ ከጾሬ፥ ሊጠይቀን መጥቶ ነበር። ዕድሜው አሥራ አንድ ዓመት ነው። በወንዝ ዳር ያደገ ልጅ ስለ ሆነ የወፍ ነገር እጅግ ይወዳል። አንድ ማታ ከመጻሕፍታችን መካከል አንዱን ገልጦ ከመንቁሩ በታች ከረጢት የተንጠለጠለበትን ታላቅ ነጭ ወፍ ሥዕል አገኘና «አጎቴ፥ ይህ ወፍ በአገራችን ይገኛል ወይ?» ሲል ጠየቀን። እኛም በኩራት «ይገኛል እንጂ! በሻላ ሐይቅ መካከል የራሱ ደሴት አለው» ብለን መለስንለት፤ ልጆቹንም ሁሉ በቅዳሜ ቀን ልንወስዳቸው ቃል ገባን።

ፔሊካን የሚባለው ይህ ወፍ ክንፉን ሲዘረጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከሦስት ሜትር ሊበልጥ ይችላል። ጎጆውን በመሬት ላይ ስለሚሠራ ጅብና ቀበሮ ሊደርሱበት የማይችሉትን ደሴት ይመርጣል። ብዙ ጊዜ ሁለት ዕንቁላል ይጥላል፤ ወንዱና ሴቲቱም እየተፈራረቁ ይታቀፋሉ። የሻላ ሐይቅ ጥልቀቱ 266 ሜትር ይደርሳል፤ ነገር ግን ውሃው ጨዋማ ስለ ሆነ ለወፎቹ የሚበቃ ዓሣ አይገኝበትም። ስለዚህ ወላጆቹ ፀሐይ ምድሩን እስክታሞቀው ቆይተው፥ በሚወጣው ሙቅ አየር ላይ ተንሳፍፈው ወደ ጎረቤቱ ወደ አብያታ ሐይቅ ይሄዱና ዓሣ አጥምደው ለጫጩቶቻቸው ይመለሱ ነበር። ኤሚል ኧርባንና ሌስሊ ብራውን የተባሉ ሊቃውንት ይህን ኑሮአቸውን መርምረው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1969 ጽፈዋል። 887 ኪሎ ሜትር ካሬ ስፋት ያለው የአብያታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ በ1960ዎቹ ዓመታት በተከለለ ጊዜም ከዋኖቹ ምክንያቶች አንዱ እነዚሁ ወፎች ነበሩ።

ባለቤታችን ድፎ ዳቦውን፥ ቆሎውንና የተቀቀለውን ዕንቁላል በሌሊት አሰናድታ ከአዲስ አበባ ጎሕ ሳይቀድ ተነሣን። በሞጆና በመቂ አልፈን፥ ዝዋይን በስተ ግራ ትተን፥ የቡልቡላን ወንዝ ተሻግረን ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዝን። በመጀመሪያ ከኮረብታው ላይ ሆነን ሻላን አየነው። ሐይቁ ሰማያዊና ታላቅ ነው፤ ደሴቱም በሩቅ ይታያል። ነገር ግን የሚያሻግር ጀልባ አልነበረም። በመነጽር ብንመለከትም ከድንጋዩና ከቍጥቋጦው በቀር ምንም አላየንም። ልጆቹንም «አይዞአችሁ፥ ዓሣ ሊያጠምዱ ሄደው ይሆናል፤ በአብያታ እናገኛቸዋለን» አልናቸው።

ወደ አብያታ በደረስን ጊዜ ግን ውሃው ሸሽቶ አገኘነው። ቀድሞ የሐይቅ ወለል የነበረው ምድር ነጭ ጨው የለበሰ ጭቃ ሆኖአል። መኪናው እንዳይሰጥም ፈርተን በእግር ሄድን፤ ትንሿ ልጃችን ጫማዋ በጭቃው ተውጦ አለቀሰች። በሩቅ እንደ ሮዝ አበባ የቀላ መስመር ታየን፤ እርሱ ፍላሚንጎ የሚባለው ወፍ ነው። ፔሊካን ግን አንድ እንኳ አልነበረም።

አብሮን የነበረው ጠባቂ ሽማግሌ ሰው ነው። «ጌታዬ፥ ፍላሚንጎ በውሃው ውስጥ የሚበቅለውን ደቃቅ አረንጓዴ ነገር ስለሚበላ ቀረ፤ ፔሊካን ግን ያለ ዓሣ በምን ይኖራል?» አለን። ነገሩም እንዲህ ነው። አብያታ ከሚጠጣቸው ወንዞች ዋነኛው ከዝዋይ የሚወርደው ቡልቡላ ነው። ከዝዋይና ከቡልቡላ ለመስኖ የሚቀዳው ውሃ እየበዛ ሄደ፤ ከአብያታ ከራሱም ሶዳ ለማውጣት ውሃ ተሳበ። በ1960ዎቹ ወደ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ካሬ የሚጠጋ ስፋት የነበረው ሐይቅ ከመቶ በታች ወረደ። ውሃው ባነሰ መጠን ጨውነቱ በረታ፤ ዓሣውም አለቀ፤ ደሴቱን የሚያገለግለው ማዕድ በዚህ ዓይነት ተነሣ።

ምሳችንን በግራር ጥላ ሥር ያለ ጨዋታ በላን። የወንድማችን ልጅ ግን ዝም ብሎ ቆይቶ «አጎቴ፥ ደሴቱን ማንም አልነካውም፤ ታዲያ ስለ ምን ባዶ ሆነ?» አለን። በሥራችን ብዙ ጥያቄ መልሰናል፤ ለዚህ ግን ቶሎ መልስ አላገኘንም። ከዝዋይ ዳር የሚመጣውን ሽንኩርትና ቲማቲም በየሳምንቱ ወደ ቤታችን የምናስገባ እኛው ነንና። በመጨረሻ እውነቱን ነገርነው፤ «ልጄ፥ ጎጆውን ጠበቅን፥ ማዕዱን ግን አልጠበቅንም» አልነው።

ስንመለስ በመንገድ ልጁ የአገሩን ነገር አነሣ። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ በ2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ የህዳሴ ግድብ ሰፊ ሐይቅ ፈጥሮአል፤ የቀድሞዎቹ ኮረብቶችም በውሃ ተከበው ደሴቶች ሆነዋል። «እዚያስ ወፎች ይመጡ ይሆን?» ብሎ ጠየቀን። እኛም «ዓሣው ከተጠበቀ፥ ዳርቻውም ካልተመነጠረ ተስፋ አለ» አልነው።

እንግዲህ የተከበራችሁ ወላጆች፥ ይልቁንም በአገር አስተዳደር ሥራ ላይ ያላችሁ፥ ልጆቻችሁን ወደ አማረው ስፍራ ብቻ አትውሰዱ፤ የጎደለውንም አሳዩአቸው። ውሃ ለእርሻም ለሥራም ያስፈልጋል፤ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን ከወንዙ ራስ የሚቀዳ ሰው በወንዙ ግርጌ ያለውን ሊያስብ ይገባዋል። የወንድማችን ልጅ ወደ ጾሬ ሲመለስ ያንን ሥዕል ያለበትን መጽሐፍ ሰጠነው፤ ወፉን ባናሳየው እንኳ ስሙን እንዳይረሳ ብለን ነው።