ያረጀ የውሃ ሞተር፦ ይታደስ ወይስ አዲስ ይገዛ?

በፎገራ፣ በርብና በጉማራ ወንዝ ዳር፣ በበጋ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማ ገበሬ ብዙ ነው። በዝዋይና በመቂ አካባቢም እንዲሁ ነው። ውሃውን ስቦ ማሳ ላይ የሚያወጣው ትንሽ የውሃ ሞተር ነው። ሞተሩ ከቆመ ውሃው ይቆማል። ሽንኩርት ደግሞ ራስ በሚይዝበት ጊዜ ውሃ ካጣ ራሱ ትንሽ ሆኖ ይቀራል። የወራት ድካም በጥቂት ቀን ይበላሻል።

ታዲያ ሞተሩ ሲያረጅ ምን ይደረግ? አንዱ ጭስ ሲያይ «ይኸስ አበቃለት» ብሎ ይጥለዋል። ሌላው በየዓመቱ ያስጠግነዋል። ሁለቱም ሳያውቁ ገንዘብ ያባክናሉ። ትክክለኛው መንገድ አስቀድሞ በሽታውን ማወቅ፣ ቀጥሎ ወጪውን ማስላት ነው።

1. የታመመው ሞተሩ ነው ወይ?

ውሃ ሲያንስ ጥፋቱ ሁልጊዜ የሞተሩ አይደለም። መሳቢያው ቱቦ ተሰንጥቆ አየር ይስብ ይሆናል። ቱቦው ጫፍ ላይ ያለው ወንፊት በጭቃና በሣር ተደፍኖ ይሆናል። ፓምፑ ውስጥ እየተሽከረከረ ውሃውን የሚገፋው ክፍልም በአሸዋ ይበላል። መጀመሪያ እነዚህን እዩ።

ከፍታም አለ። አገሩ ከፍ ባለ ቁጥር አየሩ ይሳሳል። ነዳጅ ያለ አየር አይነድም። ስለዚህ እንዲህ ያለ ትንሽ ሞተር በየ300 ሜትር ከፍታ ከመቶ 3 ተኩል ያህል ጉልበት ያጣል። የጣና ዙሪያ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ነው። እዚያ 5 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተጻፈበት ሞተር የሚሠራው እንደ 4 ነው። ይህ እርጅና አይደለም። አዲስ ቢገዛም ያው ነው። ፓምፑም በዚያ ከፍታ ከ5 ወይም ከ6 ሜትር በላይ ሽቅብ መሳብ ይቸግረዋል። መፍትሔው ፓምፑን ወደ ውሃው ማስጠጋት ነው።

2. ሞተሩን መመርመር

ጭሱን እዩ። ጥቁር ጭስ ነዳጅ በዝቶ አየር አነሰ ማለት ነው። ብዙ ጊዜ የአየር ፊልትሮው ቆሽሾ ነው። ፊልትሮውን ማጽዳት እምብዛም ወጪ የለውም። ሰማያዊ ጭስ ግን ዘይት እየተቃጠለ ነው ማለት ነው። ዘይቱ ከልኩ በላይ ከሆነ ቀንሱ። ልኩን ይዞ እያለ ከጨሰ ፋሻው ወይም ቫልቩ ተበልቶ ይሆናል።

በቤንዚን ሞተር ላይ የትኛው እንደሆነ ለመለየት ሜካኒኩ ካንዴላውን ፈትቶ ኮምፕሬሽኑን በመለኪያ ይለካ። ከዚያ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምሮ እንደገና ይለካ። ቁጥሩ ከፍ ካለ የተበላው ፋሻው ወይም ሲሊንደሩ ነው። ቁጥሩ ባለበት ከቀረ ጥፋቱ የቫልቩ ወይም የጉርኒሲዮኑ ነው። ይህኛው በቀላል ዋጋ ይሠራል። «ሞተሩ ይውረድ» የሚል ሜካኒክ ቢኖር መጀመሪያ ይህን ለክቶ ያሳያችሁ።

3. የትኛው መታደስ ይችላል?

በውሃ የሚቀዘቅዝ ባለ አንድ ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ብዙ ጊዜ እንዲታደስ ሆኖ የተሠራ ነው። ሲሊንደሩ ውስጥ እንደ እጅጌ የሚወልቅ ቱቦ አለው። ቱቦው፣ ፒስተኑና ፋሻው ከተለወጡ ብዙ ዘመን ያገለግላል። ይህን ቶሎ አትጣሉት።

ትንሹ የቤንዚን ሞተር ይለያል። ፋሻ ብቻ ከሆነ ይለወጥለት። ሲሊንደሩ ከተበላ ግን ቶርኖ ቤት ሄዶ መስፋት አለበት። ከዚያ 0.25 ወይም 0.50 ሚሊ ሜትር የሰፋ ፒስተን ይገባለታል። ልብ በሉ! ፒስተኑ በእጃችሁ ሳይገባ ሲሊንደሩን አታሰፉ። ፒስተኑ ከጠፋ ሞተሩ ብረት ብቻ ሆኖ ይቀራል። ቢዬላው ተሰብሮ የሞተሩን አካል ከቀደደው ደግሞ ማደሱ አያዋጣም። ፓምፑ ደህና ከሆነ ግን ሞተሩን ብቻ መግዛት ይቻላል። የሞተሩ ዘንግ ከፓምፑ ጋር መግጠሙን ለክታችሁ ግዙ።

4. ስሌቱ

ቁጥሩ ለምሳሌ ነው። የእናንተን ዋጋ አስገቡበት። አዲሱ 24,000 ብር ቢሆንና 6 በጋ ቢያገለግል፣ ለአንድ በጋ 4,000 ብር ይደርሳል። ሙሉ እድሳት 10,000 ብር ቢሆንና 2 በጋ ቢያገለግል፣ ለአንድ በጋ 5,000 ብር ነው። ርካሽ የመሰለው ተወደደ ማለት ነው። ፋሻ ብቻ ተለውጦ 3,000 ብር ቢፈጅና 2 በጋ ቢሠራ ግን ለአንድ በጋ 1,500 ብር ነው። ይህ ያዋጣል።

በጠቅላላው የእድሳቱ ወጪ ከአዲሱ ዋጋ ግማሽ ካለፈ ደግማችሁ አስቡ። መለዋወጫው በቅርብ ከተማ መገኘቱንም ጠይቁ። ሥራውን በክረምት አስጨርሱ። በበጋ መሐል ሞተር ማስፈታት ሰብልን ማስጠማት ነው።

5. ሳይቃጠል በቅጠል

ትናንሽ ሞተሮችን ቶሎ የሚገድላቸው የዘይት ማነስና መቆሸሽ ነው። ብዙዎቹ የቤንዚን ሞተሮች አዲስ ሲሆኑ ከ20 ሰዓት ሥራ በኋላ፣ ከዚያ በየ100 ሰዓቱ ወይም በየ6 ወሩ ዘይት ይለወጥላቸዋል። የናንተን ሞተር መመሪያ እዩ። ሞተሩ የማኅበር ከሆነ አንድ ደብተር ይኑረው። የሠራበት ሰዓት፣ ዘይት የተለወጠበት ቀንና የወጣው ብር ይጻፍበት። መጻፍ የሚችል አባል ሁሉ ተራ ይግባ። ደብተር ያለው ማኅበር ይታደስ ወይስ ይገዛ ሲባል በግምት አይከራከርም፤ ገልጦ ያነባል።

መወያያ ጥያቄዎች
ሀ. የሞተራችን ጭስ ምን ዓይነት ነው?
ለ. ባለፈው በጋ ለጥገና ስንት ብር አወጣን?
ሐ. መለዋወጫው በቅርብ ይገኛል?